በጎንደር ተዳፋት ላይ የድጋፍ ግንብ፦ ዓይነቱንና ፈቃዱን እንዴት እንምረጥ?

ጎንደር ላይ ሜዳ ቦታ የሚደርሰው ዕድለኛ ነው። ወደ አዘዞና ወደ ጠዳ ካልወረዱ በቀር ከተማዋ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የአንገረብና የቀሃ ወንዞች በሚወርዱባቸው ኮረብታዎች ትከሻ ላይ የተቀመጠች ናት። ስለዚህ ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው ስለ ሳሎንና ስለ መኝታ ቤት ከማሰቡ በፊት የተቆረጠውን አፈር ምን እንደሚይዝለት መወሰን አለበት። መካሪ አይጠፋም። ግንበኛው ድንጋይ ይላል፣ ብረት አሳሪው ፌራዮ አርማታ ይላል፣ ብሎኬት የሚሸጠው ደግሞ ብሎኬት። ሁሉም የሚያውቀውን ነው የሚመክረው፤ ግቢዎ የሚፈልገው ግን ከሦስቱ አንዱም ላይሆን ይችላል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በዚህ ከተማ የድጋፍ ግንብ የሚመረጠው በቁመትና በውኃ ነው። የፊት ገጽታ ውበት፣ የካሬ ሜትር ዋጋና የጎረቤት ምሳሌ ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ቁመት ሲጨምር ግፊቱ በዚያው ልክ ብቻ የሚጨምር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ክብደቱ በሜትር ኩብ 1.8 ቶን የሆነ፣ ደረቅና ጠጠር የበዛበት አፈር 1 ሜትር ቁመት ባለው ግንብ ላይ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት የሚያሳርፈው ግፊት 0.3 ቶን ገደማ ነው። ግንቡ 2 ሜትር ሲሆን ግፊቱ 1.2 ቶን፣ 3 ሜትር ሲሆን 2.7 ቶን ይደርሳል። ቁመቱ ሦስት እጥፍ ሲያድግ ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ አደገ ማለት ነው። ግንቡን ወደ ፊት ገልብጦ ለመጣል የሚሠራው ኃይል ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ከ1 ሜትር ወደ 3 ሜትር ሲሄዱ ሃያ ሰባት እጥፍ ይሆናል። የአንድ ሜትሩን ግንብ በሚገባ የሠራ ጎበዝ ግንበኛ በዚያው ልምድ የሦስት ሜትሩን ሲሠራ የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

ውኃ ሁለተኛው ነው። የጎንደር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዋነኞቹ ናቸው። ከግንቡ ጀርባ ያለው አፈር ውኃ ጠጥቶ መውጫ ካጣ፣ በ3 ሜትር ቁመት ላይ ውኃው ብቻውን በሜትር 4.5 ቶን ገደማ ይገፋል። የአፈሩ ሲጨመር ወደ 6 ቶን ይጠጋል፤ በበጋ ከነበረው ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በግንቦት ቀጥ ብሎ የቆመ ግንብ በነሐሴ ሆዱ ተነፍቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ድንጋዩም ሲሚንቶውም ያው ነው፤ የተለወጠው ከጀርባ ያለው ነገር ነው።

ሦስተኛው ከላይ የሚቀመጠው ጭነት ነው። የጎረቤት ቤት፣ የሚቆም መኪና ወይም የብሎኬት አጥር ሊሆን ይችላል። የቧንቧ ውኃ በየጊዜው በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ሮቶ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው፤ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 5 ቶን መሆኑን የሚያስብ ግን የለም። ሮቶውን ግንቡ ጫፍ ላይ ለማስቀመጥ ካሰቡ ግንቡ ሲነደፍ ኢንጂነሩ ይወቀው።

አፈሩንም ይዩ። ተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈርና የበሰበሰ ድንጋይ ለመሠረት ይመቻል። ዋልካ የሚባለው ጥቁር ጭቃማ አፈር ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከግንብ ጀርባ መልሶ መሙላት በገዛ እጅ ጠላት መጥራት ነው። ተቆፍሮ የወጣው ዋልካ ከሆነ ወጪው ቢከብድም ይጫንና ይራቅ፣ በገረጋንቲ ወይም በጠጠር ይተካ።

ቀሪዎቹ መመዘኛዎች ቦታና ወሰን ናቸው። የግንብ መሠረት ከሚታየው ግንብ ይሰፋል። ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎረቤት ይዞታ የሚያልፍ መሠረት ግንቡ ቆሞ እንኳ ክርክር ይዞ ይመጣል።

ሕጉ ምን ይላል?

በኢንተርኔት «ከአራት ጫማ በታች የሆነ የድጋፍ ግንብ ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚል ምክር ሲዘዋወር ይታያል። ይህ የአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች ኮድ ነው። አራት ጫማ 1.22 ሜትር ገደማ ሲሆን የሚለካውም ከሚታየው መሬት ሳይሆን ከመሠረቱ ግርጌ ጀምሮ ነው፤ ከላዩ ተጨማሪ ጭነት ካለ ደግሞ ነጻነቱ ይቀራል። ጎንደር ውስጥ ይህን ጠቅሶ የሚከራከር ሰው የሚሰማው የለም። ልኬቱ የሚጀመረው ከየት እንደሆነና ከላይ ጭነት መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ግን የትም አገር የሚሠራ ልማድ ነው።

የእኛ መነሻ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እና ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 243/2003 ሆነው ቆይተዋል። ሕግ ስለሚሻሻል በማመልከቻው ቀን በሥራ ላይ ያለውን ከከተማው የሕንፃ ሹም ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ተገቢ ነው። አዋጁ ሕንፃዎችን በምድብ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ከፍሏል። ፎቅ የሌለውና በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ቤት ምድብ «ሀ» ውስጥ ይገባል፤ ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የሚረዝመው ደግሞ «ሐ» ነው። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው «ቤቴ ቀላል ምድብ ስለሆነ ግንቡም ቀላል ነው» ብሎ ይደመድማል። ሁለት ክፍል ያላት ትንሽ ቤት ከኋላዋ 4 ሜትር ተቆርጦ የጎረቤት ቤት ከላይ ቢኖር፣ በግቢው ውስጥ ከሁሉም የከበደው ስትራክቸር ቤቷ ሳትሆን ግንቡ ነው።

ኃላፊነትን በተመለከተ ሕጉ አያሻማም። የሚቆፍር ሰው ቁፋሮው የሌላውን ንብረት የሚያሰጋ ከሆነ ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። «ዝናቡ ከባድ ነበር» የሚለው መልስ ብዙ ርቀት አይወስድም።

ለግንቡ ፈቃድ ሲያስቡ በተግባር ሦስት መንገዶች ፊትዎ ይቀርባሉ። የመጀመሪያው ግንቡን ከቤቱ ንድፍ ጋር አንድ ላይ አስነድፎ በአንድ የግንባታ ፈቃድ ማስገባት ነው። እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ የቤቱ መሠረት ግንቡን ይጫነው ወይስ አይጫነው የሚለው በአንድ ወረቀት ላይ ይታያልና። ሁለተኛው ቤቱ አስቀድሞ ተሠርቶ ከሆነ ለግንቡ ብቻ ማመልከት ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የቦታው አቀማመጥ፣ የተቆረጠው መሬት ከጎን ሲታይ የሚያሳይ ንድፍና የኢንጂነር ስሌት ይዞ መቅረብ መንገዱን ያሳጥራል። ሦስተኛው «በአጥር ፈቃድ ይለፍ» የሚለው ምክር ነው። ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን አጥር የሚሸከመው ራሱን ነው፣ የድጋፍ ግንብ ደግሞ ተራራ። ፈቃዱ ላይ የተሳለው አጥር ሆኖ መሬት ላይ የተሠራው 3 ሜትር የድጋፍ ግንብ ከሆነ፣ ግንቡ ሕጋዊ ወረቀት የለውም፤ ጉዳት በደረሰ ቀንም ወረቀቱ የሚመሰክረው በባለቤቱ ላይ ነው።

ቦታቸው ለፋሲል ግቢ፣ ለፋሲል መዋኛ፣ ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ወይም ለቁስቋም የቀረበ ሰዎች አንድ ተጨማሪ በር ያንኳኳሉ። እነዚህ ስፍራዎች በጎርጎሮሳውያኑ 1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ሲሆኑ፣ በቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በተጠበቀ የቅርስ ክልል ውስጥ ግንባታ ለማካሄድ የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቁፋሮ ሳይጀመር ይጠየቅ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ሙግት ልመልስ። «የፋሲል ግንብ ያለ ኢንጂነር ስሌት ይህን ሁሉ ዘመን ቆሞ የለም ወይ?» ይባላል። ቆሟል፤ ግን የቤተ መንግሥት ግድግዳ ዋና ሥራው ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ክብደት መሸከም ነው፣ የድጋፍ ግንብ ደግሞ ከጎን የሚመጣን ግፊት ይመክታል። በዚያ ላይ የእነዚያን ግድግዳዎች ውፍረት ቆመው ይዩት። ዛሬ ያን ያህል ድንጋይና ኖራ የሚከፍል ማን ነው?

አማራጮቹ

*ደረቅ ካብ።* ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ ወደ አፈሩ ትንሽ ተጋድሞ የሚሠራ ነው። ውኃ በድንጋዮቹ መካከል ራሱ ይወጣል፤ ትልቁ በረከቱም ይኸው ነው። እስከ 1 ሜትር ቁመት ላለው የአትክልት መደብ ወይም የግቢ እርከን ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ከዚያ በላይ ግን፣ በተለይም ቤት ወይም መንገድ ከላይ ካለ፣ አይታሰብም። ጎበዝ ካቢም እየጠፋ ነው።

*በሲሚንቶ የተገነባ የድንጋይ ግንብ።* የጎንደር ዋነኛ ምርጫ ይህ ነው። ጥቁር ድንጋዩ ቅርብ ነው፣ ግንበኛውም አለ። የሚቆመው በገዛ ክብደቱ ነው፤ ስለዚህ ቀጭን ሆኖ አይሆንም። በልማድ የመሠረቱ ስፋት ከቁመቱ ከ50 እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። ለ3 ሜትር ቁመት ከታች 1.8 ሜትር፣ ከላይ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በአንድ ሜትር ርዝመት 3.5 ሜትር ኩብ ገደማ ድንጋይ ይበላል። «ከላይ እስከ ታች 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል» ብሎ ዋጋ የሚያቀርብ ኮንትራክተር ርካሽ የሆነው ግንቡን ስላልሠራው ነው።

የዚህ ግንብ ጥራት የሚታወቀው ከፊቱ ሳይሆን ከሆዱ ነው። ከፊት የሚታየው ድንጋይ ተጠርቦና መጋጠሚያው ተሞልቶ ያምራል፤ መሃሉ ግን ልል ጠጠርና ፍርስራሽ ሲጣልበት ይገኛል። ሥራው ወገብ ላይ ሲደርስ ከላይ ሆነው ወደ ውስጥ ይመልከቱ። በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ረጅም ድንጋይ ከፊት ወደ ኋላ ዘልቆ ሁለቱን ገጽ ማሰር አለበት። ድንጋዩም በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይስጥ፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠውና በእጅ የሚፈረፈረው የበሰበሰ ነው። ከዚያ ቀዳዳዎቹ ይመጣሉ። ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር እየተራራቀ፣ ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ብሎ ይቀበራል፤ ከጀርባው 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ይሞላል። ብዙ ግንቦች ላይ ቱቦው አለ፣ ጠጠሩ የለም፤ ወይም ግንበኛው ሲሚንቶ ሲለስን ቱቦውን ደፍኖት ሄዷል። ሥራውን ከመረከብዎ በፊት በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ዘንግ ከትተው ይሞክሩ።

*አርማታ።* ቀጭን ግድግዳ ከሰፊ መሠረት ጋር በብረት ታስሮ፣ መሠረቱ ላይ የሚያርፈው አፈር ራሱ ግንቡን እንዲይዝ የሚደረግበት ነው። ለ3 ሜትር በአንድ ሜትር ርዝመት 1.3 ሜትር ኩብ ገደማ ኮንክሪት ይበቃዋል፤ ከድንጋዩ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ብረቱ፣ ኮንክሪቱ የሚሞላበት ፎርምና ባለሙያው ግን ዋጋውን መልሰው ይሰቅሉታል። ቦታ ጠባብ ሲሆንና ቁመቱ ከ3 ሜትር ሲያልፍ የሚበጀው ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን በዓይንዎ ያረጋግጡ። በዚህ ዓይነት ግድግዳ ላይ ዋናው ቋሚ ብረት የሚቀመጠው በአፈሩ በኩል ነው፤ የሚለጠጠው ያ ጎን ነውና። ፌራዮው እንደ ለመደው መሃል ላይ ወይም በፊት በኩል ካሰረው፣ ብረቱ ሙሉ ሆኖ ግንቡ ብረት እንደሌለው ይቆጠራል። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ይህን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ኢንጂነሩ ከሙሌት በፊት መጥቶ ብረቱን አይቶ እንዲፈርም በውሉ ላይ ይጻፉት። ብረቱም ከአፈር ጋር ከሚገናኘው ገጽ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

*ጋቢዮን።* በሽቦ ሣጥን ውስጥ የሚደረደር ድንጋይ ነው፤ መንገድ ዳር ሁላችንም እናየዋለን። ውኃን ያሳልፋል፣ መሬቱ ትንሽ ቢሰምጥም ሳይሰበር ተጣጥፎ ይቀመጣል። ወንዝ ዳርና ጎርፍ በሚወርድበት ሸለቆ አጠገብ ያሉ ግቢዎች ይህን ቢያስቡበት ይጠቀማሉ። ጉዳቱ ቦታ መብላቱ ነው፤ 3 ሜትር ቁመት ሲሠራ ከታች 2 ሜትር ስፋት፣ በአንድ ሜትር ርዝመትም 4.5 ሜትር ኩብ ድንጋይ ሊፈልግ ይችላል። ከጀርባው ማጣሪያ ጨርቅ ካልተደረገ አፈሩ በድንጋዩ መካከል እየሾለከ ይወጣል፤ ሽቦው ዚንክ ያልተቀባ ከሆነም ዝገት ይበላዋል።

*ብሎኬት።* ባዶ ብሎኬት አፈር ለመያዝ አልተሠራም። በውስጡ ብረት አልፎ በኮንክሪት ካልተሞላና ካልተሰላ በቀር ከግማሽ ሜትር በላይ አፈር አያስደግፉበት። ስለ ብሎኬት ሌላ የምለው የለኝም።

*ሁለት አጭር ግንብ በአንድ ረጅም ፋንታ።* የብዙ ሰው ዓይን የማያየው አማራጭ ይህ ነው። የ3 ሜትሩን ቁመት ለሁለት 1.5 ሜትር ቢከፍሉት እያንዳንዱ የድንጋይ ግንብ በሜትር ርዝመት 1 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃዋል፤ ሁለቱ ተደምረው 2 ሜትር ኩብ። አንዱ ረጅም ግንብ 3.5 ነበር። ቅድመ ሁኔታው ርቀት ነው። የላይኛው የታችኛውን እንዳይጫን በመካከላቸው ቢያንስ የታችኛውን ቁመት እጥፍ፣ ማለትም 3 ሜትር ያህል ይተዉ። ከዚህ ከተቀራረቡ ሁለት ናቸው ተብለው ቢቆጠሩም የሚሠሩት እንደ አንድ ረጅም ግንብ ነውና ስሌቱም እንደዚያው ይሁን። በመካከሉ ያለው እርከን ጌሾ ወይም ቡና ቢተከልበት ቦታው አልባከነም።

| አማራጭ | የሚመች ቁመት | ለ3 ሜትር ቁመት በሜትር ርዝመት | የሚበላው ቦታ | ውኃ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ደረቅ ካብ | እስከ 1 ሜትር | አይመከርም | መካከለኛ | ራሱ ያሳልፋል | ዝቅተኛ |
| የድንጋይ ግንብ በሲሚንቶ | እስከ 3 ሜትር | 3.5 ሜ.ኩ. | ሰፊ | ቀዳዳና ጠጠር የግድ | መካከለኛ |
| አርማታ | ከ2 እስከ 6 ሜትር | 1.3 ሜ.ኩ. | ጠባብ፣ መሠረቱ ግን ሰፊ | ቀዳዳና ጠጠር የግድ | ከፍተኛ |
| ጋቢዮን | ከ1 እስከ 4 ሜትር | 4.5 ሜ.ኩ. | በጣም ሰፊ | ራሱ ያሳልፋል | መካከለኛ |
| ሁለት አጭር የድንጋይ ግንብ | እያንዳንዱ 1.5 ሜትር | 2 ሜ.ኩ. | በጣም ሰፊ | ቀዳዳና ጠጠር የግድ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |

በሠንጠረዡ ያሉት መጠኖች ለመነጻጸሪያ ናቸው፤ አፈሩና ከላይ ያለው ጭነት ይለውጧቸዋል።

ለየትኛው ግቢ የትኛው?

በጀትዎ አነስተኛ፣ ቦታዎ ሰፊ ከሆነ ቁመቱን ይክፈሉ። ከዚያም በፊት ያነሰ መቁረጥ ይቻል እንደሆነ አርክቴክቱን ይጠይቁ፤ የቤቱን ወለል በ50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ወይም ቤቱን በሁለት እርከን ማስቀመጥ ሙሉ ግንብ ሊያስቀር ይችላል።

ቦታዎ ጠባብ ሆኖ ከላይ የጎረቤት ቤት ካለ አርማታ ይሥሩ፣ ገንዘቡ እስኪሟላም አይቁረጡ። የተቆረጠ አፈር እየጠበቀ አይቆይም። ሲቆፈርም አንድ ጊዜ ሙሉውን ሳይሆን ከ3 እስከ 4 ሜትር ርዝመት እየተከፈለ፣ አንዱ ክፍል ተገንብቶ ሌላው ይቀጥል። ከቁፋሮው በፊት የጎረቤትን ግድግዳ ከነስንጥቁ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ጎረቤትዎም ባሉበት ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ። ነገ የሚነሣውን ክርክር ግማሹን ይጨርሳል።

ቁመቱ ከ1.5 እስከ 3 ሜትር፣ ከላይ ቤት የሌለበት፣ መሠረቱም ጠንካራ መሬት ላይ የሚያርፍ ከሆነ በሲሚንቶ የተገነባው የድንጋይ ግንብ ገንዘብዎን ያከብራል። ወንዝ ዳር ወይም ጎርፍ የሚያልፍበት ከሆነ ወደ ጋቢዮን ያዘንብሉ። አዘዞ ሜዳ ላይ ዋልካ ውስጥ ለሚሠሩ ደግሞ ከግንቡ ዓይነት ይልቅ የመሠረቱ ጥልቀትና የሚመለሰው አፈር ይቀድማል፤ የአፈር ምርመራ ሳያስደርጉ ዓይነት ለመምረጥ አይቸኩሉ።

ኢንጂነር መቼ የግድ ይሆናል? የእኔ መስመር ይህ ነው፦ ቁመቱ ከመሠረቱ ግርጌ ተለክቶ ከ1.2 ሜትር ሲያልፍ፣ ከላይ ቤት፣ መንገድ ወይም ሮቶ ሲኖር፣ ወይም ግንቡ ወሰን ላይ ሲቆም። ይህ የሕግ ቁጥር ሳይሆን የጥንቃቄ ቁጥር ነው። ከኢንጂነሩ የሚቀበሉት ስዕል ብቻ አይሁን። በኢትዮጵያ ስታንዳርድ ኢኤስ ኢኤን 1997፡2015 መሠረት ግንቡ እንዳይገለበጥ፣ እንዳይንሸራተትና መሬቱ እንዳይሰምጥ የተሰላበትን ወረቀት፣ የመሬት መንቀጥቀጥም በኢኤስ ኢኤን 1998፡2015 መታየቱን ይጠይቁ። በድሮው ልማድ የግንቡ መከላከያ ከሚገለብጠው ኃይል 2 እጥፍ፣ ከሚያንሸራትተው ደግሞ 1.5 እጥፍ እንዲሆን ይፈለግ ነበር፤ ዛሬም ፈጣን መፈተሻ ይሆናል። ከስሌቱ ላይ «ውኃ የለም ተብሎ ታስቧል» የሚል ካገኙ ደግሞ የውኃ መውረጃው ዝርዝር በስዕሉ ላይ እስኪታይ አይፈርሙ።

ጊዜውም ከምርጫው ይቆጠራል። ቁፋሮው ከጥቅምት በፊት አይጀመር፣ ግንቡም ጀርባው ተሞልቶና ከላይ ያለው የውኃ ቦይ ተሠርቶ እስከ ሚያዝያ ማብቂያ ይለቅ። ፈቃዱና ንድፉ በክረምት ሲሠሩ ኢንጂነሩ ውኃ በግቢው የት እንደሚወርድ በዓይኑ የማየት ዕድል ያገኛል። ዘግይተው በሰኔ አፈር የሚቆርጡ ከሆነ ግን ሥራውን ለመጪው ጥቅምት ያስተላልፉና የተቆረጠውን በፕላስቲክ ሸፍነው፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ አዙረው ይጠብቁ።